የቸኮሌት ጥራት ከማሸጊያው ጀርባ ይነበባል፦ ስለ ጋናሽ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ቤት ውስጥ ኬክ በምንሠራ ሰዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ጋናሽ፣ ማለትም ቸኮሌትን በትኩስ ክሬም አቅልጦ ኬክ የሚሸፈንበትንና የሚሞላበትን ቅባት፣ መሥራት የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት ቸኮሌት መግዛት እንዳለበት ይመክራል፤ ምክሩም ባጭሩ ይህ ነው። እውነተኛ ጋናሽ የሚወጣው ከቤልጂየም ወይም ከፈረንሳይ ኩቨርቱር (የኮኮዋ ፍሬው ስብ፣ ማለትም የኮኮዋ ቅቤ፣ የበዛበት የባለሙያ ቸኮሌት) ብቻ ነው። የኮኮዋው መቶኛ ከፍ ባለ ቁጥር ጥራቱም ስለሚጨምር ከ70 በመቶ በታች መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ለዚህ አቅም የሌለው ሰው ኮምፓውንድ (የኮኮዋ ቅቤው በሌላ የአትክልት ስብ የተተካበት) ቢጠቀም ክሬም ከገባበት በኋላ ልዩነቱ አይታወቅም፤ እሱም ከጠፋ የኮኮዋ ዱቄትና የገበታ ቅቤ ቸኮሌቱን ይተካሉ። ክሬሙ የቱም ቢሆን ለውጥ አያመጣም፤ ላዩ ነጭ ያወጣ ቸኮሌት ተበላሽቷልና ይጣል፤ በጾም ደግሞ ጥሩ ጋናሽ አይታሰብም።

ጸሐፊዋ ሙያውን የሚያውቁ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ቸኮሌቱም ክሬሙም በኩባያ ሳይሆን በሚዛን ይለካ ማለታቸው ትክክል ነው። ቸኮሌትን ከበርበሬና ከቅመም ዕቃ አጠገብ አታስቀምጡ ማለታቸውም እንዲሁ ነው፤ የኮኮዋ ቅቤ እንደ ማንኛውም ስብ ሽታ ይስባልና ይህ ምክር በእኛ ጓዳ ከየትም በላይ ይሠራል። በቀረው ግን አልስማማም። የማልስማማበትም ዋና ምክንያት ምክሩ ገዢውን በሁለት ጫፎች ላይ ብቻ የሚያቆመው መሆኑ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ለአብዛኛው ቤተሰብ ዋጋው የማይቀመስ ቸኮሌት አለ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ቸኮሌት ሊባል የማይገባው ነገር አለ። በመሃል ያለው፣ ዋጋው የሚቻለው፣ በየሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ የምናልፈው ቸኮሌት ተረስቷል። እኔ አራት ኪሎ በሚገኘው ቤቴ ለልደት፣ ለክርስትናና ለምርቃት ኬክ በትእዛዝ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ከምሠራው ጋናሽም አብዛኛው የሚወጣው ከዚሁ ከተረሳው መሃል ነው።

በቤልጂየሙ ልጀምር። ቤልጂየም ውስጥ ኮኮዋ አይበቅልም። ከዓለም ኮኮዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚመረተው በኮትዲቯርና በጋና ነው፤ ቤልጂየም ፍሬውን ገዝታ ትቆላዋለች፣ ትፈጨዋለች፣ ታለሰልሰዋለች፣ ትቀምመዋለች። ሙያዋን አልክድም። ነገር ግን እኛ ቡናችን ከጂማና ከሲዳማ ወጥቶ ጣልያን አገር ተቆልቶ የሌላ አገር ስም ሲይዝ የምናይ ሰዎች ነንና፣ በማሸጊያ ላይ የተጻፈ የአገር ስም ስለ ሙያ እንጂ በውስጡ ስላለው ነገር ብዙም እንደማይናገር ለመረዳት ቅርብ ነን። ከዚህም በላይ ኮምፓውንድ የሚመረተው ቤልጂየም ውስጥ ባሉ ድርጅቶችም ነው፤ ፑራቶስ የተባለው የቤልጂየም ድርጅት ‹ቤልኮላድ› ከሚባለው እውነተኛ ቸኮሌቱ ጎን ለጎን ‹ካራት› የሚል ስም ያለው ኮምፓውንድ ይሸጣል። የአገሩን ስም ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ከሁለቱ የትኛውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ምንም ዋስትና የለውም።

ኩቨርቱርን በተመለከተ፣ ስሙ ራሱ በፈረንሳይኛ ‹መሸፈኛ› ማለት ነው፤ የተሠራበትንም ዓላማ ይናገራል። በአውሮፓ ሕብረት የ2000 እ.ኤ.አ. መመሪያ መሠረት አንድ ምርት ቸኮሌት ለመባል ቢያንስ 35 በመቶ ጠቅላላ የኮኮዋ ይዘት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 18 በመቶ የኮኮዋ ቅቤ ሊኖረው ይገባል፤ ኩቨርቱር ለመባል ግን የኮኮዋ ቅቤው ቢያንስ 31 በመቶ መሆን አለበት። ይህ ተጨማሪ ቅቤ የሚያስፈልገው ቸኮሌቱ ሲቀልጥ ቀጠን ብሎ እንዲፈስ፣ ትራፍል የሚባለው የቸኮሌት ድብልብል ወይም ብስኩት ሲነከርበት ስስ ሆኖ እንዲሸፍን፣ ሲደርቅም ቀጭ ብሎ እንዲሰበር ነው። በጋናሽ ውስጥ ግን ቸኮሌቱን የሚያቀጥነው ክሬሙ ነው፤ ያ ቀጭ የሚያሰኘው፣ ባለሙያዎች ቴምፐር የሚሉት የቅቤው አቀማመጥም ትኩስ ክሬም በፈሰሰበት ቅጽበት ይፈርሳል። ስለዚህ ለኩቨርቱር ተጨማሪ ገንዘብ የምናወጣበት ዋነኛ ጥቅም ጋናሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሲገባ ሥራ ያጣል። የሚቀረው ጣዕሙ ነው፤ ጥሩ ጣዕም ደግሞ ኩቨርቱር ባልሆነ ቸኮሌትም ይገኛል።

ይህን ስል ኩቨርቱር አትግዙ ማለቴ አይደለም። አንዳንዴ የሚረክሰው እሱ ይሆናል፣ ይህንንም ጸሐፊዋ ቢያነሡት ኖሮ ለክርክራቸው ጥሩ ድጋፍ በሆናቸው ነበር። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለ የ100 ግራም ባር ዋጋ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ 2.5 ኪሎ የሚይዘው የኩቨርቱር ከረጢት ዋጋ ሲነገር ያስደነግጣል። ሁለቱን ለማወዳደር የከረጢቱን ዋጋ ለ25 ማካፈል በቂ ነው፤ የሚወጣው ቁጥር የ100 ግራሙ ዋጋ ነውና። እኔና አራት ጓደኞቼ ይህን ሒሳብ ከሠራን በኋላ፣ ከረጢቱ ከባሩ ረክሶ ባገኘነው ጊዜ ሁሉ እንደ ዕቁብ አዋጥተን አንድ ከረጢት እንገዛና ለእያንዳንዳችን ግማሽ ኪሎ በሚዛን እንከፋፈላለን። ባሩ ረክሶ ከተገኘ ደግሞ ባሩን እንገዛለን።

ወደ መቶኛው ስንመጣ የጸሐፊዋ ምክር ከራሱ ጋር ይጋጫል። በዓለም ላይ ባለሙያዎች አብዝተው ከሚጠቀሙባቸው የቤልጂየም ኩቨርቱሮች አንዱ ‹ካሌቦ 811› የሚባለው ነው፤ የኮኮዋ ይዘቱም 54.5 በመቶ ነው። የቤልጂየም ኩቨርቱር ግዙ ያሉን ጸሐፊ ከ70 በታች አትግዙ ሲሉ ይህንኑ ከመደርደሪያው እያወረዱት ነው። መቶኛው የሚናገረው የኮኮዋው ደረቅ ክፍልና የኮኮዋው ቅቤ ተደምረው ከቸኮሌቱ ምን ያህሉን እንደያዙ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። ፍሬው ጥሩ ስለመሆኑ፣ በአግባቡ ስለመቆላቱ፣ በልስላሴ ስለመፈጨቱ ቁጥሩ ዝም ይላል። ሁለት ባለ 70 ባሮች እንኳ አንድ አይደሉም፤ አንዱ በ100 ግራም 45 ግራም ስብ ሊኖረው ይችላል፣ ሌላው 35 ግራም፤ የመጀመሪያው አፍ ውስጥ ይሟሟል፣ ሁለተኛው ይደርቃል። ይህን ለማወቅ ከፊት ለፊት የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር ትቶ ከጀርባ ባለው ሠንጠረዥ የስቡን መጠን ማየት ነው። ወተት በሌለበት ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ፣ ሌላ የአትክልት ስብ እስካልተጨመረ ድረስ፣ ያ ስብ በሙሉ የኮኮዋ ቅቤ ነው።

በጋናሽ ጉዳይ ከፍተኛ መቶኛ ሌላም ጣጣ አለው። ጋናሽ ማለት ስብና ውኃ ሳይለያዩ ተያይዘው እንዲቆሙ ማድረግ ነው። 200 ግራም ባለ 54 ቸኮሌት በ200 ግራም ክሬም ስንሠራ፣ ከክሬሙ የሚገኘው 120 ግራም ገደማ ውኃ ስኳሩን አሟሙቶ፣ 36 ግራም ገደማ የሆነውን ደረቅ ኮኮዋ አርሶ፣ ስቡንም በትናንሽ ጠብታ ይዞ ያቆማል። ቸኮሌቱን በባለ 70 ብንቀይረው ደረቁ ኮኮዋ ወደ 56 ግራም ይደርሳል፤ ስቡም ይጨምራል፤ ውኃው ግን ያው ነው። ደረቁ ኮኮዋ ውኃውን ይጠጣዋል፣ ስቡ የሚይዘው ያጣል፣ ጋናሹም ዘይት ያወጣል። ውዱን ቸኮሌት ገዝተው «ምን አጥፍቼ ነው?» እያሉ የሚደውሉልኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያጠፉት ይህንን ብቻ ነው። ለባለ 70 ቸኮሌት ክሬሙ ከቸኮሌቱ በሩብ ያህል መብለጥ አለበት፤ ለ200 ግራም ቸኮሌት 250 ግራም ክሬም ማለት ነው። ዘይት ያወጣውንም መጣል አያስፈልግም፤ ለብ ያለ ወተት በማንኪያ እየጨመሩ ከመሃል ጀምሮ ማማሰል አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል። ለልጆች ልደት ደግሞ ባለ 70 ጋናሽ ይመራቸዋል፤ እናቶች ስኳር ጨምሪበት ይሉኛል፤ ለኮኮዋው ተጨማሪ ከፍሎ መልሶ በስኳር መሸፈን ምን ይሉታል? ከ50 እስከ 60 በመቶ ያለው ለቤት ጋናሽ የሚበቃ ብቻ ሳይሆን የሚመረጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ኮምፓውንድ የሚባለው የኮኮዋ ዱቄት፣ የስኳርና የአትክልት ስብ ድብልቅ ነው፤ የኮኮዋ ቅቤው ወጥቶ በቦታው ብዙ ጊዜ ከፓልም ፍሬ አስኳል የሚገኝ ስብ ይገባበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመቅለጫ ሙቀት ልዩነት ነው። የኮኮዋ ቅቤ በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ የሰውነታችን ሙቀት 37 ነው፤ ስለዚህ አፍ ውስጥ እንደገባ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ጣዕሙንም በአንድ ጊዜ ይለቃል። የኮምፓውንድ ስብ ግን ብዙ ጊዜ ሙቀት እንዲችል ተደርጎ የተጠናከረ በመሆኑ አፍ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም። ክሬም ሲገባበት ይህ ጠባዩ አይለቀውም፤ ክሬሙ ለጥቂት ሰዓት ይደብቀዋል እንጂ።

ይህን የተማርኩት ሰው ፊት አፍሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መርካቶ ውስጥ ከአንድ ሱቅ፣ በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ መለያ የሌለው ጥቁር ቸኮሌት ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ሻጩ ለትልልቅ ኬክ ቤቶች የሚያቀርበው መሆኑን ነገረኝ፤ ዋጋውም ባሩ ከሚሸጥበት ግማሽ አይሞላም ነበር። ጋናሹ ሲሠራ አብረቀረቀ፤ ምንም አልጠረጠርኩም። በማግስቱ ለጎረቤታችን ልጅ ልደት ኬኩ ሲቆረጥ ጋናሹ ቢላዋው ላይ እንደ ሞራ ተጋገረ። የልጁ አያት አንድ ቁራሽ ቀምሰው ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ ሁለት ሦስቴ ካሹ በኋላ፣ በክፋት ሳይሆን በእውነት ግራ ገብቷቸው «ልጄ፣ ሻማ ነው እንዴ የቀባሽበት?» አሉኝ። ትኩስ ሻይ እስኪመጣላቸው ድረስ ላንቃቸውን አልለቀቀም። ለእናትየው ገንዘቧን መለስኩ፤ የተረፈኝን አንድ ኪሎ ተኩልም ለጋናሽ ዳግመኛ አልነካሁትም። ልዩነቱ አይታወቅም የሚለውን ሳነብ ትዝ ያሉኝ እኒያ እናት ናቸው፤ ስለ ኩቨርቱርም ስለ ኮምፓውንድም ሰምተው አያውቁም፣ ነገር ግን ለማወቅ አንድ ቁራሽ በቅቷቸዋል።

አንዳንዶች ወጪ ለመቀነስ ኮምፓውንዱን ከእውነተኛው ግማሽ በግማሽ ይቀላቅላሉ። ይህም አያዋጣም፤ ከፓልም አስኳል የሚገኘው ስብና የኮኮዋ ቅቤ ሲቀላቀሉ አይስማሙም፤ ድብልቁ ከሁለቱም ይልቅ ይለሰልሳል፣ ሲቆይም ላዩ ነጭ ያወጣል። ኮምፓውንድ ጭራሽ ሥራ የለውም አልልም። ቴምፐር ሳይደረግ ስለሚደርቅ ለኬክ ጌጥ፣ ለተቀረጸ አበባና ለጽሕፈት ይመቻል። ጋናሽ ግን የሚቀመስ ነገር ነው።

እንግዲህ ዋጋው የሚቻለውንና እውነተኛውን ቸኮሌት እንዴት እንለየው? አዲስ አበባ ገበያ ላይ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ቸኮሌቶች ከቱርክ፣ ከዱባይና ከአውሮፓ የሚመጡ ናቸው፤ መለያቸውም በየቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ ‹ኮኮዋ ማስ› ወይም ‹ኮኮዋ ሊከር› (የተፈጨው የኮኮዋ ፍሬ) እና ‹ኮኮዋ በተር› (የኮኮዋ ቅቤ) የሚሉት ከመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ግብአቶች ውስጥ መገኘት አለባቸው፤ ግብአቶቹ የሚደረደሩት ከብዛታቸው አንጻር ነውና። በመጀመሪያው መደዳ ላይ ‹ቬጀቴብል ፋት› (የአትክልት ስብ)፣ ‹ፓልም ከርነል› (የፓልም አስኳል) ወይም ‹ሃይድሮጂኔትድ› የሚል ቃል ካለ ኮምፓውንድ ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ የተሳለው የኮኮዋ ፍሬ ሥዕል አያታልለን። በቱርክኛ ‹ኮኮሊን› የሚል ጽሑፍ ካለበት ራሱ አምራቹ ኮምፓውንድ መሆኑን እየነገረን ነው። የአውሮፓ ሕግ እስከ 5 በመቶ ድረስ የተወሰኑ የአትክልት ስቦችን በቸኮሌት ውስጥ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ የኮኮዋ ቅቤ በግልጽ ተጽፎ ወደ መጨረሻው ጥቂት የሺያ ወይም የፓልም ስብ ቢኖር አያስደነግጥም። ማያያዣው ሌሲቲንና ማጣፈጫው ቫኒላም አያስፈሩ። መለያ የሌለውን ግን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢማርክ፣ «ካርቶኑን አሳዩኝ» ሳይሉ አለመግዛት ነው።

መለያውን ካነበብኩ በኋላም ካርቶን ከመግዛቴ በፊት አንድ ባር ብቻ ገዝቼ እሞክራለሁ። አንድ ቁራጭ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ይዤ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ቀስ እያልኩ አሸዋለሁ። የኮኮዋ ቅቤ ያለበት ቶሎ ሟሙቶ ጣቴን እንደ ቅባት ይቀባዋል፤ ኮምፓውንዱ ግን ይንከባለላል እንጂ አይሟሟም፣ ሲቀርም ሰም የነካሁ ያስመስለኛል። ቀጥሎ እሰብረዋለሁ፤ የአዲስ አበባ ብርድ ባለበት ወጥ ቤት ጥሩ ጥቁር ቸኮሌት ቀጭ ይላል። ከዚያ እቀምሰዋለሁ። ብቻውን ሲበላ የማያስደስት ቸኮሌት በክሬም አይሻሻልም።

መለያ ማንበብ ዛሬ ከወትሮው ይበልጥ ያስፈለገበት ምክንያትም አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አፍሪካ ምርቱ በመቀነሱ የአንድ ቶን ኮኮዋ ዋጋ በዓለም ገበያ ከ10,000 ዶላር በላይ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 2016 በእኛ አቆጣጠር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የሚገባው ቸኮሌት ሁለት ጊዜ ተወደደብን። ኮኮዋው ሲወደድ አንዳንድ አምራቾች የኮኮዋ ቅቤውን እየቀነሱ በሌላ ስብ ተኩ፤ በእንግሊዝ አገር ‹ፔንግዊን› እና ‹ክለብ› የተባሉት የታወቁ ብስኩቶች በ2025 እ.ኤ.አ. ቸኮሌት መባላቸው ቀርቶ የቸኮሌት ጣዕም ያላቸው ተብለው እንዲሸጡ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዓምና ያመንነውን ማሸጊያ ዘንድሮም ገልብጦ ማየት ይገባል።

የኮኮዋ ዱቄትና የገበታ ቅቤ ቸኮሌትን ይተካሉ ስለሚለው ብዙ አልልም። የኮኮዋ ዱቄት ማለት ቅቤው በመጭመቂያ ከወጣ በኋላ የቀረው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 በመቶ፣ ሰባው ደግሞ ከ22 እስከ 24 በመቶ ስብ ይቀረዋል። በወተትና በገበታ ቅቤ ሲበስል ጥሩ የቸኮሌት ስጎ ይወጣዋል፤ ለኬክ ማፍሰሻ እኔም እሠራዋለሁ። ሆኖም የላም ቅቤ እንደ ኮኮዋ ቅቤ ስለማይጠነክር ለመሃል ሙሌትም ለትራፍልም አይቆምም። ስሙን ስጎ ብለን ብንጠራው ደንበኛም አይከፋም።

ክሬም ለውጥ የለውም መባሉ ግን ቆም ብለን እንድንነጋገርበት ያስገድዳል፤ የብዙ ሰው ጋናሽ የሚበላሸው በቸኮሌቱ ሳይሆን እዚህ ላይ ነውና። ከላይ የሰጠሁት ልኬት 35 በመቶ ስብ ላለው ክሬም ነው። በቆርቆሮ የሚመጣው የገበታ ክሬም ከ20 እስከ 25 በመቶ ገደማ ስብ ብቻ ስላለው ጋናሹ ይቀጥናል፤ ቸኮሌቱን ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል። በዱቄት መልክ የሚሸጠውና በወተት ተመትቶ የሚነፋው ዊፕ ክሬም ለጋናሽ የተሠራ አይደለም። በካርቶን የሚመጣው ከወተት ያልተሠራ ፈሳሽ ዊፕ ደግሞ በአብዛኛው ያው የፓልም አስኳል ስብ ከስኳር ጋር ነው፤ የኮኮዋ ቅቤ ያለበትን ቸኮሌት በጥንቃቄ መርጦ እሱን ማፍሰስ የሸሹትን ስብ በሌላ በር ማስገባት ነው። ክሬም ሲጠፋ ወይም ሲወደድ እኔ የማደርገው ይህ ነው፤ 60 ግራም ወተትና 40 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ አብሬ አሞቃለሁ። ሲደመር 35 በመቶ ገደማ ስብ ይሆናል። ተመትቶ አይነፋም፣ ለጋናሽ ግን ይሠራል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክሬሙም ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ከሚፈላው ቀደም ብሎ ይፈላል። ፈላ ብለን ያወረድነው ክሬም የውጭው አሠራር የገመተውን ያህል ትኩስ ስላልሆነ፣ ቸኮሌቱ በጣም ደቆ ካልተከተፈ ሳይቀልጥ የሚቀር እንክብል ይኖራል። ይበልጥ እንዲሞቅ ብሎ ምድጃው ላይ ማቆየት ውኃውን ብቻ ያተናል፤ ውኃው ሲያንስም ጋናሹ ዘይት ያወጣል። ቸኮሌቱን እንደ ቃሪያ ስንግ ሽንኩርት አድቅቆ መክተፍ፣ ክሬሙ ጠርዙ ላይ መንተክተክ እንደጀመረ ማፍሰስ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይነኩ መተው፣ ከዚያ ከመሃል በትንሽ ክብ እያማሰሉ ወደ ዳር ማስፋት ነው። መሃሉ ላይ ያብረቀረቀ ጥቁር ክብ ሲታይ ስቡና ውኃው ተያይዘዋል። በክረምት ብርድ ደግሞ ልክ በልክ የተሠራው ጋናሽ ራሱ ጠንከር ስለሚል፣ የውጭ አሠራር ሁለት እጅ ቸኮሌት ባለበት ቦታ ለመሃል ሙሌት አንድ ለአንድ ይበቃል። ይህ በቀጥታ ኪስን የሚያድን ነው።

ነጭ ያወጣ ቸኮሌት ይጣል የሚለው ምክር ያለ በደሉ ገንዘብ ያስጥላል። ነጩ ሻጋታ አይደለም። አንድም ቸኮሌቱ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ወደ ላይ የወጣ የኮኮዋ ቅቤ ነው፣ አንድም እርጥበት ነክቶት የወጣ ስኳር ነው። ቅቤው በሙቀቱ ይቀልጣል፣ ስኳሩ በክሬሙ ውኃ ይሟሟል። ሽታው ደህና ከሆነና ጊዜው ካላለፈ፣ እንዲያውም ባለሱቁ በቅናሽ ከሰጠን፣ ለጋናሽ የሚሆን እድል ነው።

በመጨረሻ ወደ ጾሙ እመጣለሁ። ረቡዕና ዓርብን፣ ከዚያም የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም ለሚጾም ቤተሰብ ጥሩ ጋናሽ አይታሰብም ማለት የዓመቱን ትልቅ ክፍል መዝጋት ነው። እውነቱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቁር ቸኮሌት በተፈጥሮው የጾም ነው፣ ጋናሽ የሚፈልገውም ውኃ እንጂ የግድ ክሬም አይደለም። መለያው ላይ የወተት ዱቄት፣ ‹ሚልክ ፋት› ወይም ‹በተር ኦይል› የሚል አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ ይገኛልና። ከወተት ያልተሠራ የተባለውን ዊፕ የሚጠቀምም ሰው ‹ሶዲየም ኬዚኔት› የሚለውን ቃል ይፈልግ፤ እሱ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፣ ብዙዎች ሳያውቁት የጾም ኬክ ላይ ያፈስሱታል። እኔ በጾም የምጠቀመው 200 ግራም ባለ 54 ወይም ባለ 60 ጥቁር ቸኮሌትና 100 ግራም ትኩስ ውኃ ነው። ትንሽ ወፈር እንዲል የተፈለገ እንደሆነ በውኃው ፋንታ የኮኮናት ወተት ይገባል፤ ጣዕሙ ግን ቸኮሌቱን ስለሚጫን እኔ አላዘወትረውም።

ከሁሉም የምወደው በውኃው ምትክ ከጀበና የወረደ አቦል ቡና ነው። አተላው በደንብ እንዲዘቅጥ አስር ደቂቃ ያህል ትቼ፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልዬ፣ እንደገና አሙቄ 100 ግራሙን በሚዛን እለካና በተከተፈው ቸኮሌት ላይ አፈስሳለሁ። ክሬም ስለሌለበት ሲያማስሉት መጀመሪያ ቀጭን ይመስላል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ ግን ማንኪያ ላይ የሚቆም፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ይሆናል። የኮኮዋ ቅቤ ያለበት ቸኮሌት ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው፤ በኮምፓውንድ ሞክሬው ስቡ እንደ ወጥ ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ቀረ።